ከተራዊህ በኋላ የገባችው ጎል

እሑድ ሚያዝያ 10 ቀን 2013 ዓ.ም. የረመዳን ስድስተኛው ቀን ነበር። መግሪብ ተሰግዶ፣ ሾርባው ተጠጥቶ፣ የሳምቡሳው ሳህን ባዶውን ቀርቶ፣ አባቶች ለዒሻና ለተራዊህ ሲነሱ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ክርክር ተነሳ። ከምሽቱ 2:30 ላይ ለንደን ዌምብሌይ ውስጥ ሌስተር ሲቲና ሳውዝሃምፕተን የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜያቸውን ሊጀምሩ ነው። ተራዊህም የሚሰገደው በዚያው ሰዓት ነው። ልጅ «አባዬ፣ ዛሬ ብቻ» ይላል። አባት «ከኳስና ከሰላት የቱ ይቀድማል?» ብሎ ይቆጣል። እናት መሐል ትገባለች።

እኛም ቤት ይኸው ሆነ። ትልቁ ልጄ ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ፊቱን አጨፍግጎ ተከተለኝ፤ መስጂድ ውስጥም ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። (ተራዊህ ስምንት ረከዓ ነው ወይስ ሃያ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየውና) ሰግደን ጨርሰን ቤት ስንደርስ 3:30 ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት የሁለቱ ቡድኖች ተጫዋቾች ከእረፍት እየተመለሱ ነው፤ ውጤቱ 0 ለ 0። ዐሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ በ55ኛው ደቂቃ፣ ናይጄሪያዊው ኬሌቺ ኢሄናቾ የጨዋታውን ብቸኛ ጎል አገባ። ልጄ ዘሎ ተነሳና ዞር ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ያቺ ጎል «የተራዊህ ጎል» ትባላለች።

ሰላታችንን ስላልተውን ጎሏ ቆየችልን ልል አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት የተደረገው ሌላው ግማሽ ፍጻሜ እንዲህ ያለውን ንግግር ያፈርሰዋል። ቅዳሜ ቼልሲና ማንችስተር ሲቲ የተጫወቱት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1:30 ጀምሮ ነበር። የቼልሲው ሞሮኳዊ ሃኪም ዚየች የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው እርሱም በ55ኛው ደቂቃ ነው። ያኔ እኛ ሰፍ ላይ ነበርን። ልጄ ያቺን ጎል ያያት በማግስቱ በስልክ ነው።

ያን የውድድር ዘመን ዛሬ የማነሳው ጉዳዩ በየዓመቱ ደጃችን ስለሚመጣ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን እየቀደመ ይመጣል፤ ከሚያዝያ ወደ መጋቢት፣ ከመጋቢት ወደ የካቲት። ኤፍኤ ካፕ ደግሞ ትልልቆቹ ክለቦች ከሚገቡበት ከጥር ጀምሮ እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት ከውድድሩ አንዱ ዙር ወይም ሌላው ጾማችን ላይ መውደቁ አይቀርም። የሰፈሩ ዋንጫ፣ የትምህርት ቤቱ ጨዋታ፣ የፕሮጀክቱ ልምምድም እንዲሁ። ልጆቻችንም ይጾማሉ፤ ልጆቻችንም ኳስ ይወዳሉ። ይህን እያወቅን በየዓመቱ እንደ አዲስ የምንጣላበት ምክንያት አይገባኝም።

ለማያስታውሱት ስለዚያ የውድድር ዘመን ትንሽ ልበል። ኤፍኤ ካፕ እ.ኤ.አ. በ1871 የተጀመረ፣ በዓለም ላይ ካሉት የጥሎ ማለፍ ዋንጫዎች ሁሉ አንጋፋው ነው፤ የዚያ ዓመቱ 140ኛው ነበር። ኮሮና ስታዲየሞቹን ባዶ አድርጓቸው ነበር። የጨዋታው መርሐ ግብር በመጣበቡ ድጋሚ ጨዋታ የሚባለው ነገር ከውድድሩ ወጣ። እኩል የተለያዩ ቡድኖች በዚያው ምሽት በጭማሪ ሰዓት፣ ካልሆነም በፍጹም ቅጣት ምት ይለያያሉ። ይህ ለትንንሾቹ ክለቦች ከባድ ነበር። ከትልቅ ክለብ ጋር እኩል ወጥቶ በትልቁ ስታዲየም ድጋሚ መጫወት ለእነርሱ የዓመት ቀለብ ማለት ነበርና።

ሆኖም ያ ዓመት የትንንሾቹም ዓመት ነበር። ያኔ በስምንተኛው እርከን ይጫወት የነበረው፣ ሊቨርፑል አጠገብ ያለው ማሪን የተባለ ክለብ ጥር 2 ቀን ቶተንሃምን በሜዳው አስተናገደ። ሜዳውን የሚያዋስኑት የመኖሪያ ቤቶች ናቸው፤ ሰዎች በጓሯቸው አጥር ላይ ተንጠልጥለው የእነ ሞሪንሆን ቡድን አዩ። ክለቡ ተመልካች ማስገባት ስላልተፈቀደለት ማንም የማይገባበትን ትኬት በኢንተርኔት ለመሸጥ አሰበ። ከ30 ሺህ በላይ ተሸጠ። ማሪን 5 ለ 0 ተሸነፈ፤ ነገር ግን ከዓመቱ ጭንቀት ወጣ። ያኔ በስድስተኛው እርከን የነበረው ቾርሊ ደግሞ ደርቢ ካውንቲን 2 ለ 0 አሰናበተ። የደርቢ ዋና ተጫዋቾች በኮሮና ምክንያት ተገልለው ወጣቶቹ ነበሩ የተሰለፉት፤ ቢሆንም ድል ድል ነው።

ሌስተር ሲቲ የተጓዘው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ስቶክን 4 ለ 0፣ ብሬንትፎርድን 3 ለ 1፣ ብራይተንን በመጨረሻው ደቂቃ በኢሄናቾ ጎል 1 ለ 0፣ ሩብ ፍጻሜ ላይ ማንችስተር ዩናይትድን 3 ለ 1። ይህ ክለብ በታሪኩ አራት ጊዜ ለፍጻሜ ቀርቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ በ1961፣ በ1963 እና በ1969፣ አራቱንም ተሸንፏል። ከተማዋ ሌስተር ከአምስት ነዋሪዎቿ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ሙስሊሞች ናቸው። በዚያች ከተማ በረመዳን ወቅት ዋንጫ ፍለጋ መሄድ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ መገመት አያቅትም።

በዚህ ቡድን ውስጥ ዌስሊ ፎፋና የሚባል የ20 ዓመት ፈረንሳዊ ተከላካይ ነበር። ከሴንት ኤቲየን ከመጣ ገና ስድስት ወሩ ነው። ፎፋና በዚያ ረመዳን ጾመ። በእንግሊዝ አገር በሚያዝያ ጾሙ 16 ሰዓት ያህል ነው፤ ከእኛ 13 ሰዓት ተኩል ጋር ስታስተያዩት የሁለት ሰዓት ተኩል ልዩነት አለው። በዚያ ላይ ቡድኑ የሚጫወተው ለዋንጫና ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ቦታ ነበር።

ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ በነበረው ሐሙስ፣ ሚያዝያ 14፣ ሌስተር በሊጉ ዌስት ብሮምን አስተናገደ። አሰልጣኙ ብሬንዳን ሮጀርስ፣ ቡድናቸው በጎል ሲመራ፣ ፎፋናን በሁለተኛው አጋማሽ አስወጡት። ጉዳት ደርሶበት አልነበረም። ልጁ ውሎውን ሙሉ አልበላም፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚቀምሰው ነገር እንዲያገኝ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ሙስሊም አይደለም፤ ሰሜን አየርላንዳዊ ነው። ስለ መግሪብ የሚያውቀው ተጫዋቹ የነገረውን ብቻ ነው።

ከዚያ ሚያዝያ 18፣ ሰኞ ምሽት፣ ክሪስታል ፓላስ መጣ። ይህን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል። ጨዋታው ሲጀመር ፀሐይ አልገባችም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ኳሷ ወጣች፤ የፓላሱ ግብ ጠባቂ ስፔናዊው ቪሴንቴ ጓይታ ኳሷን አስቀምጦ ሳይመታት ቆየ። ፎፋናና የፓላሱ ሴኔጋላዊ ሼኩ ኩያቴ ወደ መስመሩ ሮጠው ፈጠሩ። ከዚያ ጨዋታው ቀጠለ። ሌስተር 2 ለ 1 አሸነፈ፤ የማሸነፊያዋን አሁንም ኢሄናቾ አገባት። ፎፋና ሊጉን፣ ፓላስንና ጓይታን በማኅበራዊ ገጹ አመሰገነ።

እኛ ሁላችን ያንን ቪዲዮ ተቀባበልነው። «ማሻአላህ» ብለን ጻፍንበት። የጾመኛው ጽናት ደስ አሰኘን። ይህ መልካም ነው። እኔ ግን ሳስበው ያለፍነው ነገር ያለ ይመስለኛል። በረኛው በድንገት አላዘነለትም። ከጨዋታው በፊት ሁለቱ ቡድኖችና ዳኛው ተነጋግረው ነበር። ፀሐይ በስንት ሰዓት እንደምትገባ ያየ ሰው ነበር። ኳሷ የትኛው ጊዜ ላይ ብትቆም ማንም እንደማይጎዳ የተስማሙ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ የ20 ዓመት ልጅ ለአለቃው «እጾማለሁ» ብሎ ተናግሯል። ያቺ አጭር እረፍት በቪዲዮው ላይ የማይታይ ወሬ ውጤት ናት።

እስቲ ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

በዚያው ረመዳን ልጄ በሰፈራችን የፕሮጀክት ቡድን ውስጥ ይለማመድ ነበር። ልምምዱ ከቀኑ 10:30 ጀምሮ መግሪብ ሊደርስ ሲል ያበቃል። እኔ «በጾም ምን ኳስ ያስፈልግሃል፤ ቁርኣንህን ቅራ» ብዬዋለሁ። አሰልጣኙ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የቀረ ልጅ አላሰልፍም ብሏል። ልጄ ምን አደረገ? ለእኔ ልምምድ የለም አለኝ፤ ለአሰልጣኙ እግሬን አሞኛል አለው። አንድ ቀን ሄዶ ይሮጣል፣ አንድ ቀን ቀርቶ ይተኛል። እየጾመ ሲሮጥ ዞሮበት ሜዳው ዳር ተቀምጦ ጎረቤት አይቶት ነው የነገረኝ። በረመዳን ልጄን ለሁለት ሰው እንዲዋሽ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያሳፍረኛል።

በማግስቱ ተቆጥቼ ወደ ሜዳው ሄድኩ። አሰልጣኙ ወጣት ነው፤ በትሕትና ሰማኝ። ስጨርስ «ጋሼ፣ ማን እንደሚጾምና ማን እንደማይጾም ማን ነገረኝ?» አለኝ። ማንም አልነገረውም። ከሃያ ሁለት ልጆች ስንቱ ጾመኛ እንደሆነ አያውቅም፤ ልጆቹ እንዳይቀነሱ ብለው ደብቀውታል፤ እኛ ወላጆች ሜዳው የት እንዳለ እንኳ በቅጡ አናውቅም። ከዚያ ፈገግ ብሎ «እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ» አለ። ለካ የእነርሱ ዐቢይ ጾም አልወጣም። በ2013 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ላይ ስለዋለ ሁለቱ ጾሞች ሦስት ሳምንት ያህል ተደርበው ነበር። ጾመኛ አሰልጣኝ ጾመኛ ልጆችን፣ አንዱ ስለሌላው ሳያውቅ፣ ፀሐይ ላይ ያስሮጥ ነበር።

ነገሩ የተፈታው በአምስት ደቂቃ ነው። ከባዱን ሩጫ አስቀረው። ልምምዱን ወደ 11:15 ገፋውና ኳስ በመንካትና በቅብብል ላይ ብቻ አደረገው፤ ልክ አዛን ሲል እንዲያልቅ። ወላጆች በተራ ቴምርና ውኃ ማምጣት ጀመርን። አላህ ቢፈቅድ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ቴምር የጾም ምግብ ስለሆነ አሰልጣኙም ከልጆቹ ጋር ሜዳው ዳር ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር።

አሁን የሚከራከሩኝ ወንድሞች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቹ በዕድሜም በዕውቀትም ይበልጡኛል። «ረመዳን የኳስ ወር አይደለም» ይላሉ። ይህን ንግግር ቀላል አድርጌ አላየውም። ወሩ በዓመት አንዴ ነው የሚመጣው፤ የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሌሊቶች ደግሞ በምንም አይተኩም። ልጅ በለይለተል ቀድር ፍለጋ ሌሊት ስልኩ ላይ የጎል ቅንጭብ ሲያይ ካደረ ያሳዝናል። እዚህ ላይ እኔም ከአባቶች ወገን ነኝ።

ነገር ግን ማየትና መጫወት አንድ አይደሉም። የሚጫወት ልጅ ሰውነቱን ያዛል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይተባበራል፣ ሲደክመው ትዕግሥት ይማራል። ጾምም የሚያስተምረው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ማየት ግን የት እንደሚታይ ይወሰናል። ቤት ውስጥ፣ ከሰላት በኋላ፣ ከአባትና ከታናናሾች ጋር የሚታይ ጨዋታ አለ። ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ፣ ጫት በሚቃምበትና ጭስ በሞላበት፣ አጠገቡ ቤቲንግ ቤት በተከፈተበት የሚታይ ጨዋታ አለ። የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ለውርርድ የተመቸ ነው፤ ትንሹ ትልቁን የሚጥልበት ስለሆነ በትንሽ ብር ብዙ ይገኛል የሚለው ተስፋ ልጆችን ይስባል። ይህ ቁማር ነው፤ ስሙን አለሳልሶ መጥራት አይጠቅምም፤ በረመዳንም ከረመዳን ውጪም ሐራም ነው። ልጁን ከቤት ቴሌቪዥን የሚያባርር አባት ግን ወደየት እንደሚያባርረው ቢያስብ ጥሩ ነው።

ሌላም አለ። ስለ ፎፋና ስናወራ ሳናስበው ልጆቻችን ላይ ሸክም እየጫንን እንዳይሆን። አንድ ባለሙያ ተጫዋች ሐኪምና የምግብ ባለሙያ አጠገቡ አለ፤ ሱሁር ላይ ምን እንደሚበላ ተለክቶ ይሰጠዋል። የእኛ ልጅ ሱሁር ላይ ተቀስቅሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ይተኛል። ዲናችን ለታመመና ለመንገደኛ ጾሙን በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቃድ ሰጥቷል፤ ለአቅመ አዳም ላልደረሰ ልጅ ደግሞ ግዴታም አይደለም። ልጅ ሜዳ ላይ ከዞረበት ውኃ ይጠጣ፤ ጓደኞቹም አይሳቁበት። «ፎፋና እኮ ጾሞ ተጫውቷል» የሚለው ቃል ለሚያዞረው የ13 ዓመት ልጅ መልስ አይሆንም። በተለይ እናቶች፣ ልጆቹን ሱሁር ላይ ስታነሱ ውኃውን አትርሱ። አባቶችም እንነሳ፤ ሱሁር የእናቶች ሥራ ብቻ የሆነው በምን ፍርድ እንደሆነ እኔ አላውቅም።

ወደ ዋንጫው ልመለስ፤ ያለ ፍጻሜ ጨዋታ መተው አይሆንም።

ዒድ ሐሙስ ግንቦት 5 ዋለ። ፍጻሜው ቅዳሜ ግንቦት 7 ነበር፤ ሸዋል 3። ከምሽቱ 1:15 ላይ፣ ቤታችን ገና በዒድ እንግዶች እንደተሞላ ነው የጀመረው። ዌምብሌይ ውስጥ 20 ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ ከወረርሽኙ በኋላ ያን ያህል ተመልካች ስናይ የመጀመሪያችን ስለሆነ ጩኸቱ ራሱ አስደሰተን። በሌስተር በኩል ፎፋና ተሰልፏል። በቼልሲ በኩል ካንቴ፣ ዚየችና ሩዲገር። አክስቴ «እነዚህ ሁሉ ጾመው ነው የመጡት?» ብላ ጠየቀች። ዒድ አልፏል ብንላትም አላመነችንም።

በ63ኛው ደቂቃ ቤልጂየማዊው ዩሪ ቲሌማንስ ከሩቅ መታት። ኳሷ የቼልሲውን መረብ የላይኛውን ማዕዘን ነካች። ከዚያ ካስፐር ሽማይክል ሁለት ጊዜ በእጁ ጫፍ አዳነ። ሊያልቅ ሲል ቼልሲ አስቆጠረ፤ ቤቱ ሁሉ ዝም አለ፤ ቫር ከጨዋታ ውጪ ነው ብሎ ሻረው። አራት ጊዜ ተሸንፎ የተመለሰ ክለብ በአምስተኛው ወሰደ። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ተቀይሮ የገባው ሃምዛ ቹድሪ፣ በእናቱ ከባንግላዴሽ የሚወለድ የዚያው አካባቢ ልጅ፣ ከፎፋና ጋር የፍልስጤምን ባንዲራ ይዘው የታዩት ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት ጋዛ እየተደበደበች ነበር። ያ ፎቶ ዛሬም በብዙ ስልክ ውስጥ አለ።

ከፎቶው ይልቅ ልጆቼ የማያውቁትን አንድ ትንሽ ነገር ነገርኳቸው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ለዋንጫው አሸናፊዎች የሚሰጠው ሻምፓኝ አልኮል የሌለው እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ ለማይጠጡ ተጫዋቾችና ዕድሜያቸው ላልደረሰ ልጆች ሲባል። በፊት ሙስሊም ተጫዋቾች ጓደኞቻቸው ሻምፓኝ ሲረጩ ከሥዕሉ ዞር ይሉ ነበር። አሁን ዞር ማለት አያስፈልጋቸውም። ይህም ቢሆን አንድ ሰው ስለተናገረ የሆነ ነው።

ጓይታ ኳሷን ሳይመታ የቆየባት ጊዜም ሥር ሰደደች። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዳኞች በምሽት ጨዋታዎች ላይ መግሪብ ሲደርስ ጾመኛ ተጫዋቾች እንዲፈጥሩ ጨዋታውን በአመቺ ጊዜ እንዲያቆሙ መመሪያ ደረሳቸው። በዚያው ወር የፎፋና አገር የፈረንሳይ ፌዴሬሽን ለዳኞቹ የጻፈው ተቃራኒውን ነው፤ ለማፍጠር ተብሎ ጨዋታ አይቆምም። ሁለት ጎረቤት አገሮች፣ አንድ ዓይነት ጨዋታ፣ አንድ ዓይነት ጾመኛ። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ይልቅ ሙስሊም ወዳድ ናት ብሎ ለመደምደም የምቸኩል አይደለሁም። ነገር ግን በአንደኛው አገር ጉዳዩ መጀመሪያ የተነሳው በአንድ ክለብ መልበሻ ክፍል ውስጥ፣ በተጫዋችና በአሰልጣኙ መካከል ነው። ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ይህን ለመጠየቅ ፌዴሬሽን አያስፈልግም። የሰፈር ዋንጫ የሚያዘጋጁ ወጣቶች ግማሾቹ የእኛው ልጆች ናቸው። በረመዳን ጨዋታውን ከዐስር በኋላ ከመጀመር ይልቅ ማለዳ ከሱብሂ በኋላ ማድረግ ይቻላል፤ መብራት ያለበት ሜዳ ካለ ደግሞ ከተራዊህ በኋላ። ፍጻሜውን ከዒድ በኋላ ቢያደርጉትስ? የሌስተር እንዲሁ በአጋጣሚ ነበር፤ የእኛ በዕቅድ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን ጋ ደግሞ የወላጅ ስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ መናገር ነው። ስለ ክፍያ ስንናገር ድምፃችን አያንስም።

ትልቁ ልጄ ኳሱን ትቶታል፤ አሁን ሌላ ነገር ይማራል። ዘንድሮ ፕሮጀክት የገባው ታናሽየው ነው። ሻዕባን ሳያልቅ ሄጄ አዲሱን አሰልጣኝ አገኘሁት። የመጣሁበትን ነገርኩት። ደብተሩን አወጣና «ስንት ናቸው ጾመኞቹ?» ሲል ጠየቀኝ። አላወቅሁም። ያን ምሽት የሰባት ልጆች ወላጆች ጋ ደወልኩ፤ እነርሱም ለሌሎቹ ደወሉ። ዐሥራ አንድ ናቸው።